ወዝ የገባው እንጨት

አሮጌ የጅማ በርጩማ ስታገኙ ገልብጣችሁ እዩት። ከአንድ ግንድ ተጠርቦ የወጣው ይህ ባለ ሦስት እግር መቀመጫ መሀሉ ያብለጨልጫል፤ ስንት ዓመት ሰው ተቀምጦበታል። አንስተው ሲያዘዋውሩት እጅ የሚይዘው ጠርዙ ጠቁሮ ለስልሷል። ሆዱ ግን፣ እጅም ልብስም ያልደረሰበት፣ ዛሬም ደረቅና ሻካራ ነው፤ የጠራቢው መሣሪያ ያረፈበት ሳይቀር ይታያል። የእንጨትን ዕድሜ የሚናገረው ይህ በላይና በታች ያለው ልዩነት ነው።

ያገለገለ ዕቃ ገዝተው ሲያድሱ አዲስ ከማስመሰል ይልቅ ያረጀ መልክ የሚሰጡ ባለሙያዎች ይህን ወዝ በጥቂት ቀን ለማምጣት ይሞክራሉ። ሙያው የቆየ ቢሆንም በምዕራቡ ዓለም ፋሽን ሆኖ የተስፋፋው በቅርብ ነው። ሬቸል አሽዌል በ1989 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ሳንታ ሞኒካ ውስጥ የተላላጠ ቀለም ያላቸውን አሮጌ ዕቃዎች የምትሸጥበትን ሱቅ ከፈተች፤ እንግሊዛዊቷ አኒ ስሎን ደግሞ በ1990 ጠመኔ የሚመስል፣ የማያብረቀርቅ ቀለም ለገበያ አቀረበች። ከዚያ ወዲህ ቡፌና ኮመዲኖ በየቤቱ ይፋቅ ጀመር። አብዛኛው ሥራ ግን አያምርም። ምክንያቱ የቀለም ጥራት አይደለም፤ ሠሪው የት ቦታ መፋቅ እንዳለበት አለማሰቡ ነው።

እንጨት ሲያረጅ ሁለት ነገር ይደርስበታል። አንዱ የብርሃንና የአየር ሥራ ነው። ፀሐይ የእንጨቱን አሰር አጣብቆ የያዘውን ሊግኒን የተባለ ንጥረ ነገር ታፈርሳለች፣ መልኩም ይለወጣል፤ የቼሪ እንጨት እየጠቆረ ሲሄድ ዋልነት እየደበዘዘ ይመጣል። ሁለተኛው የሰው ሥራ ነው። የቡፌ በር የሚለብሰው እጀታው ዙሪያ ነው፤ ወንበር የክንዱ ጫፍና የፊት እግሮቹን የሚያያይዘው አግዳሚ፣ ሰው እግሩን የሚያሳርፍበት፤ የቁም ሳጥን እግር ደግሞ መጥረጊያና መወልወያ ሲገጨው የኖረበት ቦታ። እጅ በማይደርስበት በበሩ መካከል ላይ ቀለም ቢላጥ ዓይን ወዲያው ይጠረጥራል።

ዕቃው ሲመረጥ ወፍራም፣ ድፍን እንጨት መሆን አለበት። መሳቢያውን አውጥታችሁ ጠርዙን ተመልከቱ፤ የእንጨቱ መስመር ከፊቱ ወደ ጎኑ ከዞረ ድፍን ነው፣ ከተቋረጠ ግን ችፑድ ላይ የተለጠፈ ስስ ሽፋን ነው፤ ቢፈገፈግ ውስጡ ይወጣል። ዋንዛ፣ ዝግባና ጽድ ለዚህ ሥራ ይመቻሉ። ትንንሽ ቀዳዳና ከሥሩ ትኩስ ዱቄት ካያችሁ ነቀዙ ዛሬም ሥራ ላይ ነውና ሳይታከም ቤት አታስገቡት።

ከታጠበና ከደረቀ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት፣ ሁልጊዜ የእንጨቱን መስመር ተከትሎ፣ ይፈገፈጋል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አሜሪካ እርሳስ የተባለው ብረት (ሌድ) ያለበትን የቤት ቀለም የከለከለችው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው። እዚያ ሰዎች በግቢያቸው ከሚሸጡት (ያርድ ሴል) ከዚያ ዓመት በፊት የተቀባ አሮጌ ዕቃ የገዛ ወገን ሳይመረምር በደረቁ ቢፍቀው አቧራው ለልጆቹ መርዝ ሊሆን ይችላል።

ቀለሙ በሁለት ሽፋን ይመጣል። መጀመሪያ ጠቆር ያለው ይቀባል። ሲደርቅ ሊለብሱ በሚገባቸው ጠርዞች ላይ ተራ ሻማ ይታሻል፤ ከዚያ ፈዘዝ ያለው ቀለም ከላይ ይደረባል። ሰም የነካው ቦታ ቀለም አይዝምና ሲፈገፈግ በቀላሉ ይላጣል፣ ጥቁሩም ከሥር ይወጣል።

ቀለም ሳይቀቡ እንጨቱን ራሱን የሚያስረጁበት መንገድም አለ፤ እኔ የምወደው ይህኛውን ነው። ምስማር አቼቶ ውስጥ ጥቂት ቀን ይዘፈዘፋል፤ ጋዝ ስለሚወጣው ክዳኑ አይጠብቅም። እንጨቱ መጀመሪያ በወፍራም ሻይ ይቀባና ሲደርቅ የምስማሩ ውሃ ይደረብበታል። ሻዩ ውስጥ ያለው ታኒን ከብረቱ ጋር ሲገናኝ እንጨቱ ዓይናችሁ እያየ ወደ ግራጫ፣ ከዚያም ወደ ጥቁር ይለወጣል። የአውሮፓ ጸሐፍት ለዘመናት የጻፉበት ቀለም የተሠራው በዚሁ የብረትና የታኒን ውህደት ነው። የእኛ የብራና ጸሐፍት ጥቁራቸውን ያገኙት ከጥላሸት ነበር፤ እሱም እዚህ ቦታ አለው፦ ቀልጦ በተርፐንታይን በቀጠነ የንብ ሰም ውስጥ ጥቂት ጥላሸት ጨምሮ በቅርጹ ስንጥቅና ማዕዘን ውስጥ ማሸት፣ ትርፉን በጨርቅ መጥረግ። አቧራና ጭስ በዓመታት የሚሰበሰቡት እዚያ ነውና። በሰም ፋንታ የተልባ ዘይት የሚቀቡም አሉ፤ ያሹበትን ጨርቅ ግን ጠቅልለው መጣል የለባቸውም። ዘይቱ ሲደርቅ ስለሚሞቅ ክምር ጨርቅ በራሱ እሳት ሊያነሣ ይችላል። ዘርግቶ ከቤት ውጭ ማድረቅ ነው።

ጥበቡ የት ድረስ ሊሄድ እንደሚችል ያሳየው የሮድ አይላንዱ ቀራጺ አርማንድ ላሞንታኝ ነው። በ1969 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቀደምት የፕሊመዝ ሰፋሪዎች ይሠሩት የነበረውን ዓይነት፣ ከእነሱ በአንዱ ስም ብሩስተር የሚባለውን ወንበር ሠርቶ አስረጀው፤ ዓላማው አዋቂ ነን የሚሉትን መፈተን ነበር። ወንበሩ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ በ1970 የሄንሪ ፎርድ ሙዚየም የ17ኛው ክፍለ ዘመን ቅርስ ነው ብሎ በ9,000 ዶላር ገዛው። እውነቱ በ1977 ሲወጣ በኤክስሬይ ተመረመረ፤ ላዩ ያታለለው እንጨት ውስጡ አጋለጠው፣ ቀዳዳዎቹ በዘመናዊ መሰርሰሪያ የተበሱ ነበሩ። ሙዚየሙ ወንበሩን አልጣለውም፤ ስለ ሐሰተኛ ቅርስ ማስተማሪያ አደረገው።

ላሞንታኝ ፈተና ነው ያለውን ሌላው ለገንዘብ ሊያደርገው ይችላል። ለቤት ውበት ያረጀ መልክ መስጠትና አዲስን እንደ ጥንታዊ መሸጥ መሣሪያቸው አንድ ነው፤ የሚለያቸው ለገዢው የሚነገረው ነው። ስለዚህ እኔ አንድ ዕቃ ስጨርስ መሳቢያውን እገለብጥና ማንም በማያየው ሻካራ ሆዱ ላይ በእርሳስ እጽፋለሁ፦ እንጨቱ ዋንዛ፣ ጥቁረቱ የሻይና የምስማር፣ ከሥሩም ወሩንና ዓመተ ምሕረቱን።