የደም ግፊትዎን በቤትዎ መለካት እና ቁጥሩን መረዳት

ብዙዎቻችን «ደም ብዛት» የምንለው በሽታ ደም ስለበዛ የሚመጣ አይደለም። ልብ ደም ስትረጭ ደሙ የደም ቧንቧዎችን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ሲጨምር ነው። ይህ ግፊት ለዓመታት ከፍ እንዳለ ከቆየ ልብን፣ ኩላሊትንና ዓይንን ይጎዳል፤ ስትሮክም ያመጣል። አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሕመም የለውም። ስለዚህ «ራሴን ካላመመኝ ደህና ነኝ» ማለት አይቻልም። የሚታወቀው በመለካት ብቻ ነው።

ቁጥሮቹ ምን ማለት ናቸው?

ነርሷ «ዋን ፎርቲ ኦቨር ናይንቲ» ካለችዎ 140/90 ማለቷ ነው። የላይኛው ቁጥር ልብ ስትኮማተር፣ የታችኛው ደግሞ በሁለት ምት መካከል ስታርፍ ያለውን ግፊት ያሳያል። መለኪያው ላይ የሚታየው ሦስተኛው ቁጥር የልብ ምት ነው፤ ከግፊቱ ጋር አያምታቱት።

• ከ90/60 እስከ 120/80፦ ጥሩ ነው።
• በክሊኒክ 140/90 እና ከዚያ በላይ፦ ከፍተኛ ነው።
• በቤት ሲለካ አማካዩ 135/85 እና ከዚያ በላይ፦ ከፍተኛ ነው።
• ዕድሜዎ 80 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ገደቡ በክሊኒክ 150/90፣ በቤት 145/85 ነው።

የቤቱ ገደብ ዝቅ ያለው ብዙ ሰው ሐኪም ፊት ሲቀርብ ስለሚጨነቅና ግፊቱ ስለሚጨምር ነው። ነፍሰ ጡር ከሆኑ፣ ስኳር ወይም የኩላሊት በሽታ ካለብዎ ገደቡ ሊለይ ስለሚችል ጂፒዎን ወይም አዋላጅ ነርስዎን ይጠይቁ።

እንዴት ልለካ?

በላይኛው ክንድ ላይ የሚታሰር አውቶማቲክ መለኪያ ይምረጡ። ማሰሪያው ለክንድዎ ውፍረት ልክ መሆን አለበት። የልብ ምትዎ የተዛባ ከሆነ መለኪያው ሊሳሳት ስለሚችል አስቀድመው ለጂፒዎ ይንገሩ።

1. ከመለካትዎ በፊት ለ30 ደቂቃ ቡና አይጠጡ፣ ሲጋራ አያጭሱ። ሽንት ከመጣብዎ አስቀድመው ይሽኑ።
2. ጀርባዎን ደገፍ አድርገው ለ5 ደቂቃ በጸጥታ ይቀመጡ። እግርዎን አያነባብሩ።
3. ማሰሪያውን በባዶ ክንድ ላይ ይሰሩ። ክንድዎን ጠረጴዛ ላይ፣ በልብዎ ትክክል ያሳርፉ።
4. ሲለኩ አይናገሩ። ቢያንስ 1 ደቂቃ ቆይተው ደግመው ይለኩ።
5. ጠዋትና ማታ፣ ቢቻል ለ7 ቀን (ቢያንስ ለ4 ቀን) ይለኩ። ቁጥሩን ሁሉ ሳይመርጡ ይጻፉ።

የመጀመሪያው ቀን ቁጥር አይቆጠርም፤ ጂፒዎ የቀሩትን አማካይ ይወስዳል። አንድ ቁጥር ከፍ ስላለ አይደንግጡ፤ ዝቅ ስላለም መድኃኒት አያቋርጡ። ግፊቱ የወረደው መድኃኒቱ ስለሠራ ሊሆን ይችላል።

ጾም፣ ጨውና መድኃኒት

በጾም ወቅትም መድኃኒትዎን አያቁሙ። የሚወስዱበትን ሰዓት ማስተካከል ከፈለጉ ጾሙ ሳይገባ ጂፒዎን ወይም ፋርማሲስቱን ያማክሩ። የዘመድ ወይም የጎረቤት መድኃኒት አይውሰዱ። ጨው በቀን ከ6 ግራም (አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል) አይብለጥ። በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጁ ጨው ተጨምሮባቸው ሊሆን ስለሚችል ወጥ ላይ ከመጨመርዎ በፊት ይቅመሱ።

መቼ ልደውል?

ቁጥሩ 180/120 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ሌላ ምልክት ከሌለ በዚያው ቀን ለጂፒዎ ወይም ለ111 ይደውሉ። ከዚህ ጋር የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የዓይን ብዥታ ወይም ግራ መጋባት ካለ ወዲያውኑ 999 ይደውሉ። ፊት ከተጣመመ፣ ክንድ ከዛለ ወይም አንደበት ከተሳሰረ ግን ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን 999 ይደውሉ።

መለኪያ የለዎትም?

ዕድሜዎ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በለንደን ብዙ ፋርማሲዎች በነጻ ይለኩልዎታል። ጂፒዎ ዘንድ ወይም 111 ሲደውሉ አስተርጓሚ ከፈለጉ «አምሃሪክ ኢንተርፕረተር ፕሊስ» ይበሉ። ክፍያ የለውም፤ ልጅዎ እንዲያስተረጉምልዎ አይገደዱም።