ከድንጋዩ በፊት ሰዓቱ

ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም ምሽት በደቡብ ኢትዮጵያ ሰማይ ላይ የሚንቦገቦጉ አካላት ተከታትለው ሲያልፉ ብዙ ሰው በስልኩ ቀርጿቸዋል። በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ምድር ስትንቀጠቀጥ የሰነበተችበት ወቅት ስለነበር ድንጋጤው እጥፍ ሆነ። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲም የታየው የጠፈር ፍርስራሽ ወይም ተወርዋሪ አለት ሊሆን እንደሚችል ገለጸ። ሁለቱ ግን እጅግ የተራራቁ ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ሰው ሠርቶ የጣለው ቁስ፣ ሌላው አብዛኛውን ጊዜ ምድር ራሷ ከመጠናቀቋ በፊት የተፈጠረ ድንጋይ ነው። እነዚህን ለመለየት የሚፈልግ አማተር መጀመሪያ የሚያስፈልገው መሣሪያ ማግኔትም ቴሌስኮፕም ሳይሆን ሰዓት ነው።

ምክንያቱ ፍጥነት ነው። ከሩቅ ሕዋ የሚመጣ አለት ወደ ከባቢ አየራችን የሚገባው በሰከንድ ከ11 እስከ 72 ኪሎ ሜትር እየተወረወረ ስለሆነ ብርሃኑ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ታይቶ ይጠፋል። በምድር ዙሪያ ሲዞር ቆይቶ የሚወርድ የሳተላይት ወይም የሮኬት አካል ግን በሰከንድ 8 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ የሚገባውም በጣም ጋደል ብሎ ነው። ስለዚህ አንድ ደቂቃና ከዚያ በላይ እየነደደና እየተሰባበረ፣ ስብርባሪውን እንደ ግመል ቅፍለት ከኋላው አስከትሎ ሰማዩን ያቋርጣል። ረጅም ጊዜ የታየ ሁሉ ፍርስራሽ ነው ወይ ብሎ የሚሞግት አይጠፋም፤ ሙግቱም መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 10 ቀን 1972 ከአሜሪካዋ ዩታ እስከ ካናዳ በጠራራ ፀሐይ የታየው አለት አየሩን ገረፍ አድርጎ ወደ ሕዋ ሲመለስ 100 ሰከንድ ያህል ቆይቷል። እንዲህ ያለው ግን ብርቅ ነው። ሰዓቱን ከንቱ አያደርገውም፤ ከሰዓቱ ጋር አቅጣጫውና የሸፈነው የሰማይ ስፋትም መመዝገብ እንዳለበት ነው የሚያስተምረን። ለዚህም ክንድን ዘርግቶ ጡጫን ማየት ይበቃል፤ አንድ ጡጫ ወደ 10 ዲግሪ ይሸፍናል።

ድምፁም ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 15 ቀን 2013 በሩሲያዋ ቼልያቢንስክ ሰማይ ላይ አለት ሲፈነዳ፣ ብርሃኑን ያዩ ብዙ ሰዎች ወደ መስኮት ሄዱ። ፍንዳታው የፈጠረው የአየር ግፊት ከተማው መሃል የደረሰው ሁለት ደቂቃ ካለፈ በኋላ ነበር። 1,500 ያህል ሰው ተጎዳ፤ አብዛኛውም በተሰባበረ መስታወት። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ሦስት ሰከንድ ገደማ ይፈጃልና፣ በብርሃኑና በነጎድጓዱ መካከል ያለውን ጊዜ የቆጠረ ሰው ርቀቱን በግምት ያውቃል። ከመስኮት መራቅ እንዳለበትም ያስታውሳል።

«ከዚያ ኮረብታ ጀርባ ወደቀ» የሚለው ምስክርነት ግን ሁልጊዜ በጥርጣሬ መታየት አለበት። የአለቱ ብርሃን የሚጠፋው ገና ሃያና ሠላሳ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ እያለ ነው፤ የቀረውን መንገድ በጨለማ፣ እንደ ማንኛውም ከላይ እንደተለቀቀ ድንጋይ ይወርዳል። ሲያርፍም ሣር አያቃጥልም። ከጎረቤታችን ሱዳን የሚመጣው ምሳሌ እዚህ ላይ ከሁሉም ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2008 አራት ሜትር ገደማ ስፋት ያላት አስትሮይድ ከመውደቋ 20 ሰዓት ያህል ቀድማ በቴሌስኮፕ ታየች፤ ከመሬት በላይ 37 ኪሎ ሜትር ላይ ፈንድታ በኑቢያ በረሃ ላይ ተበተነች። በዲሴምበር የካርቱም ዩኒቨርሲቲው ሙዓዊያ ሻዳድና ተመራማሪው ፒተር ጄኒስኬንስ የዓይን ምስክሮችን ጠየቁ፤ ከዚያም ተማሪዎች ጎን ለጎን ተሰልፈው አሸዋውን በእግራቸው አሰሱ። በኋላ በተደረጉት አሰሳዎችም ጭምር 600 ገደማ ስብርባሪ ተገኘ። ስያሜው አልማሃታ ሲታ፣ ማለትም «ጣቢያ ስድስት»፣ በአካባቢው ካለ የባቡር ጣቢያ የተወሰደ ነው። ተማሪዎቹን ወደ ትክክለኛው በረሃ ያደረሳቸው አስቀድሞ የተመዘገበው ጊዜና አቅጣጫ ነበር።

ሰማዩን ያላየ፣ ድንጋዩን ብቻ ያገኘ ሰውስ? እሱማ ብዙ ትዕግሥት ያስፈልገዋል። አገራችን በእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሞላች ናት፤ ቤት የምንሠራበት ጥቁር ድንጋይ ማግኔታይት የተባለ ማዕድን ስላለበት ማግኔት ሊስብ ይችላል፣ ከብረት ማቅለጫ የወጣ ዝቃጭም እንዲሁ። የሰማይ ድንጋይ አብዛኛውን ጊዜ ከመጠኑ በላይ ይከብዳል፤ ላዩ ከአንድ ሚሊ ሜትር በሚቀጥን ጥቁር ቅርፊት ይሸፈናል፤ አንዳንዱም ለስላሳ ጭቃ በአውራ ጣት የተጫኑት የሚመስል ስርጉድ አለው። ውስጡ እንደ ቀይ አሽ በአረፋ ቀዳዳ የተበሳሳ ከሆነ ግን ጉዳዩ እዚያው አበቃ ማለት ይቻላል። በሴራሚክ ንጣፍ ያልተለሰነ ጀርባ ላይ ሲፋቅ ቀይ መስመር ከተወ ሄማታይት፣ ጠቆር ያለ ከተወ ማግኔታይት እንጂ የሰማይ ድንጋይ ሳይሆን አይቀርም ማለት አይቻልም። ማግኔት መጠቀም የግድ ከሆነ ደካማውን በክር አንጠልጥሎ ማስጠጋት ይሻላል፤ ኃይለኛ ማግኔት ድንጋዩ ለቢሊዮን ዓመታት ይዞት የቆየውን መግነጢሳዊ አሻራ በቅጽበት ያጠፋዋል። ብዙዎች ቀድመው የሚያነሱት መሣሪያ ማስረጃውን ሲያወድም ማየት ያሳዝናል።

የተገኘው ቁስ የሰው ሥራ ከመሰለ ደግሞ መንካት አያስፈልግም፤ የነዳጅ ታንክ መርዛማ ቅሪት ሊኖረው ይችላል። ከደቡቡ ትዕይንት 11 ቀን ቀደም ብሎ በኬንያ ማኩዌኒ፣ ሙኩኩ በተባለ መንደር 2.5 ሜትር ስፋትና 500 ኪሎ ገደማ ክብደት ያለው የብረት ቀለበት ወድቆ ነበር። የኬንያ ስፔስ ኤጀንሲ ከሮኬት የሚለይ ቀለበት መሆኑን አስታውቆ ወሰደው። እ.ኤ.አ. በ1967ቱ የሕዋ ስምምነት መሠረት እንዲህ ያለ ቁስ የትም ቢወድቅ ባለቤትነቱ አይቀየርም። እ.ኤ.አ. በ1972ቱ ስምምነት ደግሞ ላኪዋ አገር ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ ናት፤ ኑክሌር ማብላያ የያዘችው የሶቭየት ሳተላይት ኮስሞስ 954 እ.ኤ.አ. በ1978 ካናዳ ላይ ስትወድቅ ካናዳ 3 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ተቀብላለች። ጉዳት የደረሰበት ገበሬ ካሳ እንዲያገኝ ቁሱ የማን እንደሆነ መታወቅ አለበት፤ ያንን ከሚያሳውቁት ነገሮች አንዱ የወደቀበት ደቂቃ ነው።

ይህ ሁሉ የባለሙያ ሥራ ነው፣ ተራ ሰው ምን አገባው ለሚሉ መልሱ ሶማሊያ ውስጥ ኤል አሊ አጠገብ አለ። እዚያ የነበረውን 15 ቶን የሚመዝን ድንጋይ አርብቶ አደሮች ለትውልዶች ሺድ ቢሩድ፣ «የብረት ድንጋይ» እያሉ ሲጠሩት፣ ቢላዋም ሲስሉበት ኖረዋል። ሳይንቲስቶች ከሰማይ የወረደ ብረት መሆኑን ያረጋገጡት ገና በቅርቡ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022ም በተፈጥሮ ታይተው የማይታወቁ ማዕድናት አገኙበት። እረኞቹ ድንጋዩን ለይተው ያውቁት ነበር፣ ስምም አውጥተውለታል፤ የወደቀበትን ቀን ግን የመዘገበ የለም።