ስለ ትንሽ አውቶሞቢል ቸርኬና ጎማ አመራረጥ
ጭቃና አሸዋ ለሚያቋርጡ የድሬ ዳዋ ቤተ ሰቦች



የቀድሞ ሰው በቅሎ ሊገዛ ገበያ በወጣ ጊዜ አስቀድሞ የሚመለከተው ኮርቻዋን አልነበረም፤ ጐንበስ ብሎ ሰኰናዋን ያነሣ ነበር። ዛሬ ግን አውቶሞቢል የሚገዛ ሰው ቀለሙን፥ መስተዋቱንና የወንበሩን ልብስ ሲመረምር ይውልና፥ መሬት የሚነካውን ነገር ሳያይ ገንዘቡን ቈጥሮ ይሰጣል። እኛም እንዲሁ ካደረጉት ሰዎች ወገን ነን። ስለዚህ በመጀመሪያ የደረሰብንን፥ ቀጥሎም ጠይቀንና ፈትነን ያወቅነውን፥ ትንሽ አውቶሞቢል ለያዙ ቤተ ሰቦች ይጠቅም ዘንድ በዚህ ገጽ ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታየን።

የድሬ ዳዋ ከተማ የምድር ባቡር ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1902 ዓ.ም. በደረሰ ጊዜ የተቈረቈረች መሆንዋ የታወቀ ነው። ለባቡር የብረት መንኰራኵር የብረት መንገድ ተዘርግቶለታልና ስለ መሬቱ ዐይነት አይጨነቅም። ባለ አውቶሞቢል ግን ከከዚራ ተነሥቶ ብዙ ሳይርቅ በሦስት ዐይነት መሬት ላይ ያልፋል። በታች በኩል፥ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ያህል ከፍ ባለው ቈላ፥ የወንዝ አሸዋ አለ፤ ከዚያም ወደ ደንገጎ የሚያወጣው ጠመዝማዛ አቀበት ይከተላል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነው ደጋ ደግሞ ከዋናው መንገድ ጥቂት ፈቀቅ ሲሉ በክረምት እግር የሚውጥ ጥቍር ዋልካ ይገኛል። ለአንዱ የተስማማ ጎማ ለሌላው ጠላት ሊሆን ይችላል።

እኛ የያዝነው ሱዙኪ ጂምኒ የሚባለውን፥ ሞተሩ 1.3 ሊትር የሆነውን ትንሽ አውቶሞቢል ነው። ክብደቱ ከአንድ ቶን እምብዛም አይበልጥም፤ በተፈለገ ጊዜ አራቱም እግሮቹ ይጐትታሉ። ፋብሪካው የሰጠው ጎማ 205/70 አር 15 የሚል ጽሕፈት ነበረበት። ይህ ጎማ ቀጭን ሆኖ ስለ ታየን አፈርንበትና ከአንድ ሻጭ ዘንድ ሄደን 235/75 አር 15 የተባለውን ሰፊ ጎማ ከሚያብረቀርቅ ሰፊ የአሉሚኒየም ቸርኬ ጋራ ገዛን። ሻጩም «ጌታው፥ አሁን አንበሳ መሰለ» አለን፤ ደስ አለን። የቤታችን እመቤት ብቻ «ይህ ኹሉ ብረትና ጎማ ሲጨመርበት ሞተርስ ተጨመረለት ወይ?» ብላ ጠየቀች። መልስ አልሰጠናትም።

ሐምሌ 19 ቀን የቅዱስ ገብርኤል በዓል በደረሰ ጊዜ ከአማታችንና ከኹለቱ ልጆቻችን ጋራ ወደ ቍልቢ ተጓዝን። ራስ መኰንን ከዐድዋ ድል በኋላ ያሠሩትን ቤተ ክርስቲያን ከተሳለምን በኋላ፥ ከመንገዱ ወደ ውስጥ ገባ ብለው የሚኖሩትን የአማታችንን ታላቅ እኅት ይዘን እንመለስ ብለን ወደ ገጠሩ ታጠፍን። ከዚያ በኋላ የሆነው ለመናገር የሚያሳፍር ነው። የጎማችን ጥርሶች የተቀራረቡ ነበሩና ዋልካው በመካከላቸው ገብቶ ተለሰነ፤ ጎማውም ምጣድ የመሰለ ልሙጥ ሆነ። ስፋቱም ላይኛውን ጭቃ ከፍሎ ከበታች ወዳለው ጠንካራ መሬት እንዳይደርስ ከለከለው። መሪውን ባዞርን ቍጥር ጎማው ከፓራፋንጎው ጋራ ይፋተግ ነበር። በመጨረሻ ዐሥር ያህል ገበሬዎች በገመድ ጐትተው አወጡን። እማማም በደጃቸው ቆመው ሲመለከቱን ቆይተው «ልጄ፥ በቅሎ ብትልክልኝ ኖሮ እስካሁን ቍልቢ ደርሼ ተመልሼ ነበር» አሉን።

ደንገጎን ስንወርድ ደግሞ የፍሬን ቃጠሎ ሸተተን። ምክንያቱን በኋላ ስንመረምረው ነገሩ የሒሳብ ነገር ሆኖ አገኘነው። የፊተኛው ጎማ ከአፈር እስከ ጫፉ 668 ሚሊ ሜትር ያህል ቁመት ነበረው፤ አዲሱ 734 ያህል ሆነ። መንኰራኵር በረዘመ መጠን ለማዞርም ሆነ ለማቆም የሚጠይቀው ኀይል ይበዛል፤ ክብደት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ፍሬኑ ግን ያው የፊተኛው ትንሽ ፍሬን ነው። ከዚህም በላይ የፍጥነቱ መለኪያ ሰዓት 80 ሲያሳይ አውቶሞቢሉ በእውነት 88 ኪሎ ሜትር ይሮጥ ነበርና፥ ቀስ ብለን የወረድን እየመሰለን ፈጥነን ነበር የወረድነው። ልጆቹና ኹለቱ አሮጊቶች ከኋላ ተኝተው ነበር።

ከኹሉ የከፋው ከከተማው ከደረስን በኋላ የሆነው ነው። ከዚራንና መጋላን የሚለያየው የደቻቱ ወንዝ ከዓመቱ በሚበዛው ወራት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰውም ከብትም ይሄድበታል። ቤታችን ከወንዙ ማዶ ስለ ሆነ፥ በድልድዩ ዞረን ከመሄድ ብለን ከላይ በኩል በአሸዋው ለማቋረጥ ገባን። መካከሉ ላይ ስንደርስ አራቱም እግሮች ሰጠሙ። ነዳጅ በሰጠነው ቍጥር ጕድጓዱን አጠለቅነው።

በዚህ ጊዜ ግመሎቹን እየነዳ የሚያልፍ አንድ ሽማግሌ ቆመና አየን። «ወንድሜ፥ የግመሉን እግር እየው» አለን። «ሲረግጥ ይዘረጋል፤ ያንተ ግን እንደ ድንጋይ ጠንክሮአል። ነፋሱን ቀንስለት።» የቤታችን እመቤት ቍልፉን ይዛ ወረደችና በየተራ የአየር መግቢያውን እየጫነች ጎማዎቹ ከበታቻቸው ሆድ እስኪያወጡ ድረስ አስተነፈሰቻቸው። ከዚያ በኋላ ማርሹን በዝግታ ስናስገባ አውቶሞቢሉ እንደ ተራ ነገር ተነሥቶ ወጣ። ሽማግሌው ግን ወደ እኛ አልነበረም የሚያየው፤ ወደ ደንገጎ ተራራ ነበር። በከተማው ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ በተራራው ላይ ግን ጥቍር ደመና ተደፍቶ ነበር። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ደቻቱ ቀይ ሆኖ ወረደ።

ይህን ስንጽፍ ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የሆነውን እናስባለን። በዚያ ሌሊት በደጋው የዘነበው ዝናም ደቻቱን ሞልቶ ሰው በተኛበት ከተማው ላይ ገባ፤ ከ200 የሚበልጥ ነፍስ ጠፋ። ድሬ ዳዋ ውስጥ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ ጎርፍ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ በዚህ አገር የጎማ ነገር የጌጥ ነገር አይደለም፤ በወንዝ አሸዋ ውስጥ የተያዘ አውቶሞቢል ቤተ ሰብን የያዘ ወጥመድ ነው።

እንግዲህ ሽማግሌው በአንድ ቃል የነገረን ነገር የጎማ ትምህርት ኹሉ መጀመሪያ ነው። አውቶሞቢልን የሚሸከመው ላስቲኩ አይደለም፥ በውስጡ ያለው አየር ነው። ጆን ቦይድ ደንሎፕ የሚባል በቤልፋስት ከተማ የሚኖር የእንስሳት ሐኪም በፈረንጆች አቈጣጠር በ1888 ዓ.ም. በአየር የተሞላውን ጎማ የሠራው ለልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ነበር፤ እንዲህ ያለው ጎማ ከቤተ ሰብ ፍቅር የተወለደ ነው ማለት ይቻላል። ከሰባት ዓመት በኋላ በ1895 የሚሽሊን ወንድማማቾች ይህንኑ በአውቶሞቢል እግር ላይ አድርገው ከፓሪስ እስከ ቦርዶ ደርሶ በሚመለሰው እሽቅድምድም ገቡ።

የአየሩ መጠን በሹፌሩ በር አጠገብ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ይኸው ለጠንካራ መንገድ ነው። በአሸዋ ላይ ለእንዲህ ያለ ቀላል አውቶሞቢል ከ15 እስከ 18 ፒ.ኤስ.አይ. ድረስ ቢወርድ መልካም ነው። ከ12 በታች ቢወርድ ግን የጎማው ከንፈር ከቸርኬው ሊወጣ ይችላል። ወደ አስፋልት ሲመለሱ እንደ ገና መሙላት ያስፈልጋል፤ አየር የጐደለው ጎማ በፍጥነት ሲሮጥ ግሎ ይፈነዳልና። ስለዚህ በአውቶሞቢሉ ባትሪ የምትሠራ ትንሽ የአየር መሙያና አንዲት መለኪያ መያዝ ከሚያብረቀርቅ ቸርኬ ይልቅ ትረባለች። የሚለካውም በማለዳ፥ ጎማው ሳይሞቅ ነው፤ በድሬ ዳዋ ቀትር የተለካ ጎማ ያለ አግባብ የሞላ ይመስላል።

ስለ ስፋቱ። ግመል በአሸዋ ላይ ጌታ ነው፥ በጭቃ ላይ ግን ይንሸራተታል፤ በቅሎ ደግሞ በጠባብ ሰኰናዋ ጭቃውን ወግታ ጠንካራውን መሬት ታገኛለች። ከሥሩ ጠንካራ መሬት ባለው ጭቃ ቀጭን ጎማ ይሻላል። ለአሸዋ የሚያስፈልገውን ስፋት ደግሞ አየር በመቀነስ ከዚያው ከቀጭኑ ጎማ ማግኘት ይቻላል፤ ሰፊውን ጎማ ግን በምንም ብልሃት ማቅጠን አይቻልም። ለምርጫችን ቍርጥ ምክንያት የሆነን ይህ ነው።

ቁመት ጥቂት ቢጨመር አይከፋም። በከተማችን የሞሉትን ባጃጆች የተመለከተ ሰው ይህን ያውቃል፤ ቸርኬአቸው 8 ኢንች ብቻ ስለ ሆነ ትልቁ መንኰራኵር ሳያስተውለው የሚያልፈው ጕድጓድ ለእነርሱ ገደል ነው። ነገር ግን ጭማሪው መጠን ይኑረው። የሱዙኪ ፋብሪካ ራሱ በፈረንጆች 2018 ዓ.ም. ባወጣው አዲሱ ጂምኒ ላይ 195/80 አር 15 አድርጎአል። ይህ ከፊተኛው ጎማችን በ10 ሚሊ ሜትር የጠበበ፥ በ25 ሚሊ ሜትር ግን የረዘመ ነው።

ጥርሱን በሚመለከት፥ ለጭቃ ብቻ የተሠራው ጎማ ትልልቅና የተራራቁ ጥርሶች ስላሉት ዋልካውን እየተፋ ይሄዳል። ይሁን እንጂ በአስፋልት ላይ ይጮኻል፥ ቶሎ ያልቃል፥ በእርጥብ አስፋልትም ላይ ለማቆም ያስቸግራል። የቤተ ሰብ መንገድ የሚበዛው አስፋልት ስለ ሆነ መካከለኛውን፥ በጎኑ ላይ ኤ ቲ የሚል ፊደል ያለበትን መምረጥ ይሻላል። ከዚህ ወገንም ቢሆን በትከሻው ላይ ያሉት ጥርሶች የተከፈቱት ይመረጥ፤ የኛን ያስነቀፈው ትከሻው የተዘጋ መሆኑ ነበር።

ወደ ቸርኬው እንመለስ። የአሉሚኒየም ቸርኬ ቀላልና ያማረ ነው፤ በድንጋይ ሲመታ ግን ይሰነጠቃል። ተራው የብረት ቸርኬ ቢጣመም የትኛውም ጎሚስታ በመዶሻ ያቃናዋል። ቸርኬው ወደ ውጭ ብዙ የወጣ እንደ ሆነ ደግሞ ኩሽኔታውን ያደክመዋል። ብሎኑን በሚመለከት ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የሱዙኪ ጂምኒና የላዳ ኒቫ ቸርኬዎች ኹለቱም ባለ 5 ብሎን ናቸው፤ ብሎኖቹ የተሰለፉበትም ክብ 139.7 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ የአንዱ ለሌላው ይሆናል ተብሎ ይሸጣል። ነገር ግን የኒቫው የመካከል ቀዳዳ 98 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን የሱዙኪው 108 ነውና፥ የኒቫው ቸርኬ በሱዙኪው እንብርት ላይ አይገባም። ገንዘብ ከመክፈል በፊት አንዱን አስገብቶ ማየት ይገባል።

ጎማ ሲገዛ ዕድሜውም ይጠየቅ። በጎኑ ላይ አራት አኃዞች ተጽፈው ይገኛሉ፤ 2319 ቢል በፈረንጆች 2019 ዓ.ም. በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። እንደኛ አገር ባለ ፀሐይ ላስቲክ ሳይነዳም ያረጃል፤ ስድስት ዓመት ያለፈው በጥንቃቄ ይመርመር፥ ዐሥር የሞላው አይገዛ። ስኮርታውም ከአራቱ ጋራ አንድ ልክ ይሁን።

እኛ ሰፊዎቹን ሸጠን በኪሳራ ተሰናበትናቸው፤ የብረት ቸርኬዎቻችንን ከጓዳ አውጥተን በ195/80 ጎማ አለበስናቸው። በሚቀጥለው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን እማማ ካሉበት ደጅ ድረስ፥ በዚያው ዋልካ፥ አየሩን ጥቂት ቀንሰን ያለ ገመድ ገባን። እማማም ዙሪያውን ዞረው ጎማዎቹን ከተመለከቱ በኋላ «ምነው ከሱ፤ ታመው ነበር ወይ?» ብለው ጠየቁ፤ ከዚያም መቋሚያቸውን አቀብለውን ገቡ። ማታ ደቻቱ አፋፍ ስንደርስ አሸዋው ደረቅ ነበር፤ ደንገጎ ላይ ግን ደመና ስለ ነበረ በድልድዩ ዞርን።