ከ18 ሚሊ ሜትር በታች

ሌንስ ከሚቀየርላቸው ካሜራዎች መካከል ለጀማሪ የሚሸጡት ብዙዎቹ ለዓመታት ገበያ ሲወጡ የኖሩት 18-55 ከሚባለው ሌንስ ጋር ተጣምረው ነው። ካነን እ.ኤ.አ. በ2003 ኢኦኤስ 300ዲ ከተባለው ካሜራ ጋር ያቀረበው ይህ ጥምረት ለረጅም ጊዜ ብዙም አልተለወጠም። ሌንሱ አይናቅም፤ ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ ለሰው ፊትም ለመንገድም ይበቃል። ችግሩ የሚመጣው ፎቶ አንሺው ጀርባውን ከግድግዳ አጣብቆ፣ ወደ ኋላ የሚሄድበት ቦታ አልቆበት፣ ከሙሽሮቹ ሚዜዎች ግማሾቹ ከምስሉ ውጭ ሲቀሩበት ነው። ያኔ ሰፋ ያለ ሌንስ መፈለግ ይጀምራል፤ መደብር ሲገባ ደግሞ በዋጋም በክብደትም እጅግ የተራራቁ ምርጫዎች ይደረደሩለታል። የዚህ ጽሑፍ አቋም ቀላል ነው፦ ክሮፕ ሴንሰር ካሜራ የያዘ ሰው ሰፊ ዙም ሲመርጥ መጀመሪያ ሊያየው የሚገባው ሌንሱ ላይ የተጻፈውን ትንሹን ቁጥር ነው። ብርሃን የማስገባት አቅሙ፣ የሌንሱ ስም፣ ወደፊት ሊገዛ የታሰበው ትልቅ ካሜራ ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

ቁጥሮቹ ግራ የሚያጋቡት ከፊልም ዘመን የተወረሱ ስለሆኑ ነው። በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ላይ አንድ ምስል 36 በ24 ሚሊ ሜትር ስፋት ነበረው፤ ፉል ፍሬም የሚባለው የዛሬው ሴንሰርም ይህንኑ ልክ ይዟል። የካነን ክሮፕ ሴንሰር ግን 22.3 በ14.9 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ የኒኮኑ በጥቂቱ ሰፋ ብሎ 23.5 በ15.6 ይደርሳል። ሌንሱ የሚጥለው ምስል ያው ነው፤ ትንሹ ሴንሰር መሐሉን ወስዶ ዳሩን ይተወዋል። ስለዚህ በፊልም ዘመን እጅግ ሰፊ ይባል የነበረው 18 ሚሊ ሜትር ካነን ክሮፕ ላይ ሲገጠም የ29 ሚሊ ሜትር ያህል እይታ ብቻ ይሰጣል።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በ4 በ4 ሜትር ክፍል ውስጥ እንለካው። የካነኑ ክሮፕ ካሜራ ከአንዱ ግድግዳ መሐል ተጠግቶ፣ ከፊት ለፊቱ ግድግዳ 3.5 ሜትር ርቆ ይቁም። በ18 ሚሊ ሜትር የፊት ለፊቱ ግድግዳ ሙሉ በሙሉ ይታያል፤ ከግራና ከቀኝ ግድግዳ ግን የሚገባው 30 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ፎቶው ግድግዳን እንጂ ክፍልን አያሳይም። በ10 ሚሊ ሜትር ሲነሣ ከእያንዳንዱ ጎን 1.7 ሜትር ያህል ይገባል፤ ሶፋው፣ መስኮቱ፣ በሩ ሁሉ ቦታቸው ይታወቃል። አሁን ደግሞ ለፉል ፍሬም የተሠራውን ውድ 16-35 እዚያው ካሜራ ላይ እንግጠመው። በ16 ሚሊ ሜትር ከጎን የሚገባው 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ያ ሁሉ ገንዘብ ወጥቶ የተገኘው ትርፍ በየጎኑ 35 ሴንቲ ሜትር ግድግዳ ነው ማለት ነው።

ከሰፊው ጫፍ ላይ የምትቀነስ እያንዳንዷ ሚሊ ሜትር ከረጅሙ ጫፍ በብዙ እጥፍ ትበልጣለች። ከ55 ወደ 50 ብንወርድ አግድም እይታው የሚሰፋው በ2 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ማንም ልብ አይለውም። ከ12 ወደ 10 ስንወርድ ግን 10 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። በአንድ መደብር 12-24፣ በሌላው 10-20 ያየ ገዢ «ያው ሁለት ቁጥር ነው» ብሎ ማለፍ የሌለበት ለዚህ ነው።

«ነገ ፉል ፍሬም ስገዛስ?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉ በፊት ይነሣል፤ መሠረትም አለው። ለክሮፕ ከተሠሩት መካከል የካነን ኢኤፍ-ኤስ ሌንሶች ባለ መስታወት (ዲኤስኤልአር) ፉል ፍሬም ካሜራ ላይ ከነጭራሹ አይገጥሙም፤ የኒኮን ዲኤክስ ሌንሶች ይገጥማሉ፣ ካሜራው ግን ምስሉን ወደ ክሮፕ ልክ ያጠበዋል። ሆኖም ሌንስ የሚገዛው አሁን ለሚነሣው ፎቶ ነው። ለነገው ካሜራ ሲባል 16-35 የገዛ ሰው ነገ እስኪመጣ ድረስ ሰፊ ሌንስ ሳይኖረው ይከርማል፤ ሲሸከመው የሚውለውም ትልቅ ነው። የካነን 16-35 ኤፍ 4 ክብደቱ 615 ግራም ሲሆን ለክሮፕ የተሠራው 10-18 ግን 240 ግራም ነው። ትልቁ ካሜራ በተገዛ ጊዜ ትንሹን ሌንስ ከአሮጌው ካሜራ ጋር መሸጥ ይቻላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ብርሃንን ይመለከታል፤ ይህኛው የበለጠ ክብደት አለው። ርካሾቹ ሰፊ ዙሞች ኤፍ 4.5 ላይ ይጀምራሉ፤ የቶኪና 11-16 እና ተተኪው 11-20 ግን ዙማቸው በሙሉ ኤፍ 2.8 ነው፤ ማለትም ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ብርሃን ያስገባሉ። እጅግ ትልቅ ልዩነት ይመስላል፣ ለቆመ ነገር ግን አይደለም። ካነን እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው 10-18 የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያረጋጋ ስልት አለው፤ በዝግታ በሚከፈት ሹተርም በእጅ ማንሣት ያስችላል። ለቤተ ክርስቲያን ውስጠኛ ክፍል፣ ለሕንፃ፣ ለመልክዓ ምድር ይህ ከኤፍ 2.8 ይሻላል፤ እንዲህ ያለ ፎቶ ከቅርብ እስከ ሩቅ ጥርት ብሎ እንዲወጣ አፐርቸሩ (የብርሃን መግቢያው ቀዳዳ) ራሱ እስከ ኤፍ 8 መጥበቡ አይቀርምና። ለሚንቀሳቀስ ሰው ግን ማረጋጊያው ምንም አይፈይድም። ሠርግ ላይ በምሽት እስክስታ የሚያነሣ ባለሙያ፣ ወይም የሌሊት ሰማይን ከነከዋክብቱ የሚፈልግ ሰው፣ ቶኪናን ቢመርጥ ልክ ነው። እነዚህ ሁለቱ በግልጽ የተለዩ ሥራዎች ናቸው፤ የሌሎቹን ምርጫ ሊመሩ አይገባም።

ሦስተኛው ወገን ሰፊ ሌንስ ራሱ አያስፈልግም ይላል፦ ወደ ኋላ ሂድ፣ ወይም ፎቶዎችን አንሥተህ ቀጥላቸው። ላሊበላ፣ ቤተ ጊዮርጊስ ከተፈለፈለበት ጉድጓድ ውስጥ ለቆመ ሰው «ወደ ኋላ ሂድ» ብሎ ምክር የለም፤ ጀርባው ዐለት ነው። ፎቶ መቀጠል ለዐለቱ ይሠራል፣ በግቢው ለሚመላለሱት ምእመናን ግን አይሠራም፤ በአንዱ ፎቶ የነበረው ሰው በሌላው ሄዷል። ስልክን የሚያነሡም አሉ። ብዙዎቹ አይፎኖች እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የ13 ሚሊ ሜትር ያህል እይታ ያለው ሰፊ ሌንስ ይዘዋል፤ ይህም ካነን ክሮፕ ላይ በ8 ሚሊ ሜትር የሚገኘው ነው። በቀን ብርሃን ለማስታወሻ ብቻ የሚፈልግ ሰው በእርግጥም ስልኩ ይበቃዋል፤ ሌንስ አይግዛ። ብርሃን ሲደክምና ፎቶው በትልቅ ወረቀት ሲታተም ግን የሴንሰሩ ማነስ ይጋለጣል።

ሰፊ ሌንስ የራሱ ጣጣ አለው። ቀጥ ያለን መስመር ቀጥ አድርጎ ለማቆየት ሲል ዳር ዳሩን ይለጥጣል። በ10 ሚሊ ሜትር ከምስሉ የግራ ወይም የቀኝ ጠርዝ ላይ የገባ ክብ ጭንቅላት፣ ከቁመቱ ይልቅ ወርዱ በአንድ ተኩል እጥፍ ያህል ይረዝማል። በቡድን ፎቶ ዳር የቆመች አክስት ይህን ምስል ብታይ ፎቶ አንሺውን ይቅር አትለውም። በ15 ሚሊ ሜትር መለጠጡ ወደ አንድ ከሩብ ይወርዳል፣ በ18 ደግሞ ብዙም አይታወቅም። ሌንሱ ዙም እንዲሆን የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፦ ክፍሉን በ10፣ ሰዎቹን በ15 ወይም በ18 ማንሣት። ከዚህ አንጻር እስከ 8 ሚሊ ሜትር የሚወርደው የሲግማ 8-16 ከሚያስፈልገው አልፎ የሄደ ይመስለኛል፤ 16 ላይ ማብቃቱ አንድ ነገር ነው፣ የፊቱ መስታወት ጎብጦ ስለወጣም የተለመደው ፊልተር አይገጥምለትም።

ኒኮን ያለው ሰው 10-20 የተባለውን እ.ኤ.አ. የ2017 ሌንስ ያገኛል፤ 230 ግራም ነው፣ ማረጋጊያም አለው። ያገለገለ ካሜራ ለገዛ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ይህ ሌንስ ኤኤፍ-ፒ ከሚባለው ዘር ስለሆነ እንደ ዲ90 እና ዲ3100 ባሉ የቆዩ ካሜራዎች ላይ ፎከስ አያደርግም፤ ቀለበቱም በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ በእጅ ማዞሩ አያድንም። የመጀመሪያው ቶኪና 11-16 ደግሞ ለኒኮን ሲሠራ የራሱ ሞተር አልነበረውም፤ በዲ3000ዎቹና በዲ5000ዎቹ ካሜራዎች ላይ ፎከሱ በእጅ ብቻ ነው። በካነን ወገን እንዲህ ያለ ችግር የለም፤ እ.ኤ.አ. የ2004ቱ 10-22 እንኳ ዛሬም ከ300ዲ ወዲህ በወጡት ክሮፕ ዲኤስኤልአሮች ላይ ይሠራል። መስታወት አልባ ካሜራ የያዙት ደግሞ ሌላ ዕድል አላቸው፦ በሌንሱና በሴንሰሩ መካከል የሚገለበጥ መስታወት ስለሌለ የሌንሱ ጀርባ ወደ ሴንሰሩ መጠጋት ይችላል፣ ሌንሱም ሊያንስ ይችላል፤ ካነን እ.ኤ.አ. በ2023 ለእነዚህ ያወጣው 10-18 ክብደቱ 150 ግራም ብቻ ነው።