አክሲዮኑ ረክሷል ወይስ ታሟል?

ልጄ የሚኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው። አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ሻንጣ በመጫን ሥራ ከጀመረ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ዘወትር እሑድ ማታ ይደውላል። ስለ ጤናዬ ይጠይቃል፣ መድኃኒቴን በሰዓቱ መውሰዴን ያጣራል፣ ከዚያ ስልኩን ለልጁ ይሰጣትና እኔና የልጅ ልጄ በእሷ ኮልታፋ አማርኛ እንስቃለን።

አንድ እሑድ ግን ገና ሰላምታችንን ሳንጨርስ «እማዬ፣ አንድ ነገር ላማክርሽ» አለኝ። ለልጁ የኮሌጅ ትምህርት ብሎ የሌሊት ፈረቃ እየሠራ ያጠራቀመው 18 ሺህ ዶላር አለ። ልጅቷ ኮሌጅ ለመግባት ሁለት ዓመት ቀርቷታል። «ገንዘቡ ዝም ብሎ ባንክ ተቀምጧል። የአንድ አየር መንገድ አክሲዮን ደግሞ ከ200 ቀን አማካዩ በጣም በታች ወርዷል። ረክሷል ማለት ነው። አውሮፕላኖቹ ጢም ብለው ሞልተው ሲነሱ በዓይኔ እያየሁ ነው፤ ዋጋው መመለሱ አይቀርም» አለኝ።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። ስለ አክሲዮን የማውቀው ነገር አልነበረም። ነገር ግን «አማካይ» እና «መስመር» ሲል አንድ የማውቀው ነገር ትዝ አለኝ፤ ከበሽተኛ አልጋ ግርጌ የሚንጠለጠለው የሙቀት ቻርት። «አንድ ሳምንት ስጠኝ፤ እስከዚያ ሳንቲም እንዳትነካ» አልሁት። ሳምንቱን ሙሉ የሒሳብ ሠራተኛ የሆነ ጎረቤቴን ስጠይቅ፣ የድሮ ዋጋዎችን ስመለከት፣ በደብተር ስደምርና ሳካፍል ሰነበትሁ። ዛሬ የማካፍላችሁ ያን የተማርሁትን ነው። ልጆቻችሁ በውጭ ካሉ፣ እንዲህ ያለ ስልክ አንድ ቀን ወደ እናንተም ሊመጣ ይችላል።

የ200 ቀን አማካይ ምንድን ነው?

ነገሩ ስሙ እንጂ ሥራው ከባድ አይደለም። አንድ አክሲዮን ገበያው በተከፈተበት ቀን ሁሉ የመዝጊያ ዋጋ አለው። ያለፉትን 200 የገበያ ቀናት ዋጋ ደምሮ ለ200 ማካፈል ነው። በማግሥቱ አዲሱ ዋጋ ይገባል፣ በጣም የቆየው ይወጣል፤ ስለዚህም ተንቀሳቃሽ አማካይ ይሉታል።

በአምስት ቀን እናስላው። ዋጋው 10፣ 11፣ 12፣ 9 እና 8 ዶላር ከሆነ ድምሩ 50፣ አማካዩ 10 ነው። በስድስተኛው ቀን ዋጋው 5 ቢሆን፣ የመጀመሪያው 10 ይወጣና 5 ይገባል፤ ድምሩ 45፣ አማካዩ 9 ይሆናል። ልብ በሉ፤ ዋጋው ሲወርድ መስመሩም እየዘገየ ተከትሎት ይወርዳል።

የአሜሪካ ገበያ በዓመት ወደ 252 ቀን ስለሚሠራ፣ 200 ቀን ማለት አሥር ወር ያህል ነው። ረዘም ያለውን ሥዕል ለማየት የሚፈልጉ የ200 ሳምንት አማካይን ይመለከታሉ፤ ያ ወደ አራት ዓመት ይጠጋል። ጥቅሙም የአንድ ቀን ወሬና ድንጋጤ እንዳያሳስተን ነው። እኛም ነርሶች የጠዋት አንድ ልኬት ብቻ አይተን በሽተኛ አናሰናብትም። የወባ ትኩሳት ጠዋት ለቆ ማታ ይመለሳልና የቀናቱን መስመር እናያለን።

የወረደ ሁሉ አልዳነም

ይሁን እንጂ በሥራ ዘመኔ አንድ ነገር ደጋግሜ አይቻለሁ። ቀናት ሙሉ ሲያተኩሰው የከረመ ሰው ሙቀቱ ድንገት ይወርዳል። ቤተሰብ «ተመስገን፣ ለቀቀው» ይላል። ቀረብ ብላችሁ ብትነኩት ግን እጅና እግሩ ቀዝቅዟል፣ የልብ ምቱ ይሮጣል፣ የደም ግፊቱ ወርዷል። ይህ ሰው መዳን አይደለም የያዘው፤ ሰውነቱ እየተሸነፈ ነው። ቴርሞሜትሩ አልዋሸም፤ የተናገረው ግን ሙቀትን ብቻ ነው። ደም ግፊቱን ሌላ መሣሪያ ነው የሚናገረው።

የአክሲዮንም መስመር እንደዚሁ ነው። የሚናገረው ዋጋው የት እንደነበረ ነው። ኩባንያው ስንት ያወጣል ለሚለው ጥያቄ መልስ የለውም።

45 ዶላር «ርካሽ»፣ 14 ዶላር «ውድ»

ለልጄ ምሳሌ እንዲሆን የአሜሪካን ኤርላይንስን ያለፈ ታሪክ መረጥሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ አንዱ አክሲዮን ከ55 ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር። በኤፕሪል መጨረሻ ወደ 45 ዶላር አካባቢ ወረደ፤ የ200 ቀን አማካዩ ደግሞ 50 ገደማ ነበር። በልጄ ስሌት «ረክሷል»። ያኔ የገዛ ሰው ግን በዚያው ዓመት መጨረሻ በእጁ ያገኘው 32 ዶላር ነው። በ2019 መጨረሻ ከ29 በታች ሆነ። ከዚያ ኮሮና መጣና በሜይ 2020 ወደ 9 ዶላር ተጠጋ።

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን እዩ። ዋጋው ስለወረደ መስመሩም ወረደ። በኖቬምበር 2020 መጨረሻ ዋጋው ወደ 14 ዶላር ከፍ ሲል ከመስመሩ በላይ ወጣ። እንግዲህ በዚያው ስሌት 45 ዶላር «ርካሽ» ነበር፣ 14 ዶላር «ውድ» ሆነ ማለት ነው! ኩባንያው በዚያ ዓመት ወደ 8.9 ቢሊዮን ዶላር ከስሯል። መስመሩ ግን ስለ ኪሳራው የሚያውቀው ነገር የለም።

ለእውነት ስንል ይህንንም እንጨምር። መስመሩን በብዛት የሚጠቀሙት ነጋዴዎች የሚያነቡት ልጄ ባነበበው መንገድ አይደለም፤ በግልባጩ ነው። ለእነሱ ከመስመሩ በታች የወደቀ አክሲዮን የደከመ ነው፤ ይርቁታል ወይም ይሸጡታል። በ2018 እንዲህ ያደረገ ሰው ከብዙ ጉዳት ድኗል። በ2020 መጨረሻ መስመሩን ሲሻገር የገዛም በሚቀጥለው ዓመት አትርፏል። ሆኖም ዋጋው መስመሩን ወዲያና ወዲህ እየተሻገረ ገዝቶ መሸጥ፣ ሸጦ መግዛት የሚያመጣባቸውም ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ መስመሩ እንደ ማስጠንቀቂያ ደወል ይጠቅማል። እንደ ሚዛን ግን አይሆንም።

እንጀራው ለስንት ተቆርሷል?

ልጄ «ድሮ 30 ዶላር ስለነበረ ወደዚያው ይመለሳል» ብሎም ነበር። እዚህ ላይ ሌላ የተደበቀ ነገር አለ። አሜሪካን ኤርላይንስ በ2019 መጨረሻ ወደ 430 ሚሊዮን አክሲዮኖች ነበሩት። በኮሮናው ጊዜ ገንዘብ ለማግኘት አዳዲስ አክሲዮኖች ሸጠና በ2021 መጨረሻ ወደ 650 ሚሊዮን ደረሱ። ለአራት ሰው ይቆረስ የነበረ እንጀራ ለስድስት ሲቆረስ ማለት ነው።

በድሮው ቁጥር 30 ዶላር ማለት ኩባንያው በጠቅላላ 13 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ያወጣል ማለት ነበር። በአዲሱ ቁጥር ያው 13 ቢሊዮን ለአንድ አክሲዮን 20 ዶላር ብቻ ይደርሰዋል። በዚያ ላይ ዕዳው በ2021 ከ40 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆኖ ነበር። የዋጋው መስመር ይህን አይቆጥርም።

ከዚህም የከፋ አለ። ዴልታ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2005 ከዕዳ ጠያቂዎች ጥበቃ ለማግኘት ፍርድ ቤት ሲገባ አክሲዮኑ ከአንድ ዶላር በታች ወርዶ ነበር። ከአማካዩ በታች ስለሆነ ብቻ የገዛ ሰው ሁሉንም አጥቷል። ኩባንያው በኤፕሪል 2007 ከፍርድ ቤት ሲወጣ የድሮዎቹ አክሲዮኖች ተሰረዙና አዳዲስ ወጡ። አውሮፕላኖቹ ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ ሲበሩ ነበር፤ ስሙም ዛሬ ድረስ አለ። ዩናይትድም በ2002 ፍርድ ቤት ገብቶ በ2006 ሲወጣ የድሮ ባለአክሲዮኖቹ የገጠማቸው ይኸው ነው።

ሙሉ አውሮፕላን ማለት ሙሉ ካዝና አይደለም

ልጄ ሻንጣውን በእጁ ስለሚጭን ንግዱ መድራቱን ያውቃል። ግን አየር መንገድ ወጪው ብዙ፣ ትርፉ ስስ የሆነ ሥራ ነው። ነዳጅ ብቻውን ብዙ ጊዜ ከወጪው ከአምስት አንድ እስከ ሦስት አንድ ይወስዳል፤ ዋጋውንም አየር መንገዱ አይወስነውም። የአውሮፕላኑ ዕዳና የሠራተኛው ደመወዝ ተሳፋሪ ኖረም አልኖረም ይከፈላል። ባዶውን የበረረ ወንበር ደግሞ ነገ አይሸጥም። በኤፕሪል 2020 በአሜሪካ ማረፊያዎች በቀን የሚፈተሸው መንገደኛ ከ2 ሚሊዮን በላይ የነበረው ከ100 ሺህ በታች የወረደበት ቀን ነበር።

ታላቁ ባለሀብት ዋረን ባፌት እንኳ ኩባንያቸው እ.ኤ.አ. በ2016 የአራት ትልልቅ አየር መንገዶችን አክሲዮን መግዛት ጀምሮ፣ በ2020 ሁሉንም መሸጡን በሜይ ወር ለባለአክሲዮኖቻቸው ተናግረዋል። ከሸጡ በኋላ ዋጋው መልሶ ከፍ ብሏል። እሳቸው የቸገራቸውን ጊዜ መገመት እኛ በየት በኩል እንችለዋለን?

ለልጄ ያቀረብሁለት ጥያቄዎች

በተከታዩ እሑድ ሲደውል ምክር አልሰጠሁትም። ነርስ አዲስ ታካሚ ሲመጣ እንደምትጠይቀው ጠየቅሁት እንጂ። ኩባንያው ስንት ዕዳ አለበት፣ በዚህ ዓመትስ የሚከፍለው ስንት ነው? ባለፉት አምስት ዓመታት ስንቱን አተረፈ፣ ስንቱን ከሰረ? የአክሲዮኖቹ ቁጥር ጨምሯል ወይስ ቀንሷል? ነዳጅ ቢወደድ የሚያዘልቅ ጥሬ ገንዘብ አለው? ዋጋው ከመስመሩ በታች የወረደውስ በምን ምክንያት ነው?

ዝም አለ። መልሱን አንዱንም አያውቀውም።

«የመጨረሻው» አልሁት፣ «ይህ ገንዘብ መቼ ነው የሚያስፈልገው?»

«ከሁለት ዓመት በኋላ» አለ።

«አክሲዮኑስ ከሁለት ዓመት በኋላ ዝቅ ብሎ ቢገኝ፣ ልጅቷን ቆዪ ትላታለህ?»

ረጅም ዝምታ ሆነ። ከጀርባው የልጅ ልጄ ከእናቷ ጋር ስትሳሳቅ ይሰማኛል። «አይሆንም እማዬ» አለኝ።

የኮሌጁን ገንዘብ ወለዱ በታወቀ የሁለት ዓመት የባንክ ተቀማጭ አስቀመጠው። ከራሱ ደመወዝ ግን 500 ዶላር አወጣና የወደደውን አክሲዮን ገዛ። አልተቃወምሁም፤ ቢጠፋም የማንም ትምህርት አይቋረጥም። ከዚያ ወዲህ የኩባንያውን የሩብ ዓመት ሪፖርት ያነብልኛል፤ ዕዳው ስንት እንደሆነ አሁን ከቃሉ ይናገራል።

እኛ አገር ቤት ያለነው የኢትዮጵያ አየር መንገድን አክሲዮን በገበያ አንገዛም፤ ንብረትነቱ የመንግሥት ነው። ነገር ግን የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር ሥራ ጀምሯል፤ የባንክ አክሲዮን ያላችሁም ብዙ ናችሁ። ነገ ልጃችሁ ወይም ጎረቤታችሁ «ከአማካዩ በታች ነው፣ ረክሷል» ቢላችሁ ቻርቱን ተቀበሉና እዩት። ከዚያ ግን በሽተኛውን ራሱን መርምሩ፤ ገንዘቡ የማን እንደሆነና መቼ እንደሚያስፈልግ ከማንም በፊት ጠይቁ።