ሰብለ ስንት ናት?

ሞጣ ወይ ቢቸና ገበያ መሀል «ሰብልዬ!» ብላችሁ ብትጣሩ ዞር የምትል አታጡም። ሙሉ ስሙ ሰብለ ወንጌል ነው፤ የወንጌል አዝመራ እንደማለት።

አብዛኞቻችን የምናውቃት የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን (1958 ዓ.ም.) ሰብለ ነው። የዲማ ልጅ ናት፤ ዲማ ደግሞ እዚሁ ቢቸና አጠገብ። አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ በዘር ባል ሲያማርጡባት ዕድሜዋ ሄደ፤ በመጨረሻ በዛብህን ፍለጋ ጠፋች።

የ«ቤቶች»ዋን ሰብለ ተፈራን በ2008 በመኪና አደጋ አጣናት።

እኛን የገረመችን ግን የጥንቷ ናት፦ እቴጌ ሰብለ ወንጌል፣ የዐፄ ልብነ ድንግል ሚስት። ከኢማም አህመድ (ግራኝ) ጋር በነበረው ጦርነት ልጇ ሚናስ ተማረከባት። ቆይቶ የኢማሙም ልጅ ተማረከ። ሁለቱ እናቶች፣ እሷና የኢማሙ ሚስት ድል ወንበራ፣ ልጅ በልጅ ተለዋወጡ! ሚናስም ኋላ ነገሠ።

እናንተ ሰፈር ያለችውን ሰብለ ስሟን ማን እንዳወጣላት እስቲ ጠይቋት።