በሩ ለምን አልተከፈተም?

ትናንት ማታ ሦስት ሰዎች ያንኑ አንድ ቪዲዮ ላካችሁልኝ። ጎርፍ፣ መሃሉ የቆመ ባጃጅ፣ ዳር ላይ የተኮለኮለ ሰው። 20 ሰከንድ አይሞላም። ከሥሩ «ድሬ ሰው አለቀባት» ተብሎ ተጽፏል። «አቦ አንድ ነገር በል እንጂ» ያለኝም አለ። እላለሁ፤ ስለ ቪዲዮው ግን አይደለም። ከዚያ 20 ሰከንድ በፊት ምን እንደነበረ፣ በኋላስ ማን ውሃ ውስጥ እንደገባ አላየሁም። የማውቀው ስለ አንድ በር ነው።

ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም፣ ለእሁድ አጥቢያ፣ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ድሬዳዋ ከተማ ሲገባ የ11 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከ250 በላይ ሰው አለቀ፤ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው ቤት አልባ ሆነ። የእኛ ቤት ከወንዙ ትንሽ ፈቀቅ ስለሚል ውሃው ደጃችን የደረሰው ጉልበቱ ከበረደ በኋላ ነው። ከግቢያችን ቀጥሎ አንዲት ሴት ሱቅ ነበራት፤ የምታድረውም እዚያው ነው። (በዕድሜ እናቴን ትበልጣለች። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም ስለማይታወቅ «አንቺ» እያልኩ ነው ያደግሁት፤ የሌላ አገር ሰው አይቀየመኝ።)

ያን ሌሊት አንድ አባትና ልጅ ከውሃው ሸሽተው መጥተው የሱቋን የብረት በር ደበደቡ። አልተከፈተም። የእኛን አጥር ዘለው ተረፉ። ሲነጋ ወሬው ሰፈሩን አዳረሰው፦ «መቀርቀሪያውን ስባ ነበር፤ እኛን ስትሰማ መልሳ ቀረቀረችው። በጆሯችን ሰምተናል።» ሬሳ ገና እየተፈለገ፣ ሰው በየትምህርት ቤቱ ተጠልሎ፣ የእኛ ሰፈር ስለዚያች በር ያወራ ነበር። አሁን ሳስበው ደቻቱን መስደብ አይቻልም፤ ሴትዮዋን ግን ይቻላል። ሱቋ ቀዘቀዘ። እኔም ስኳር ስላክ እሷን አልፌ ማዶ ድረስ እሄድ ነበር፤ ስሟን ትቼም ሰፈሩ ባወጣላት ቅጽል ስም ነበር የምጠራት። ቅጽሉን እዚህ አልደግመውም።

ከስምንት ዓመት በኋላ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ለክረምት ስመለስ፣ ዝናብ ይዞኝ ሱቋ ተጠለልኩ። ሳልጠይቃት ነገረችኝ። መጀመሪያ የሰማችው ጉርምርምታ ነበር፤ ከባድ መኪና ሰፈር የገባ መስሏታል። ቀጥሎ ጩኸት መጣ፤ ጠብ ወይም ዘራፊ ነው አለች። መብራት ጠፍቷል። ከዚያ በሩ ተደበደበ። ፈራ ተባ ብላ መቀርቀሪያውን ሳበችና ገፋች። አልነቃነቅ አለ። አንድ ሰው ከውጭ ደገፍ ብሎ የያዘባት መሰላት። በዚያ ጨለማ በሯን ከውጭ የሚይዝባት ማን ሊሆን ይችላል? መልሳ ቀረቀረችው። ውሃ መሆኑን ያወቀችው እግሯ ሲርስ ነው። የስኳር ጆንያ ላይ ወጥታ አነጋች።

የሱቁ በር የሚከፈተው ወደ ውጭ ነው። ይህችን ነገር ማንም ልብ አላላትም። 90 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለውን በር ከውጭ ግማሽ ሜትር ውሃ ቢደገፈው፣ ውስጡ ገና ደረቅ ከሆነ፣ ግፊቱ 110 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ውሃው አንድ ሜትር ሲደርስ ግፊቱ እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ሆኖ 450 ኪሎ አካባቢ ይገባል። ሴትዮዋ ከበሩ ጀርባ የተሰማት የሰው ክንድ ይኸው ነው።

አባትና ልጁ አልዋሹም። መቀርቀሪያው ሲሳብም ሲዘጋም በትክክል ሰምተዋል። ጆሯቸው ልክ ነበር፤ የተሳሳቱት በሁለቱ ድምፆች መካከል ያለውን ባዶ ቦታ በክፋት ሲሞሉት ነው።

ነገሩን ንጹሕ ተረት እንዳላደርገው ግን አንድ የተናገረችውን ልጨምር። «ሰዎች መሆናቸውን ባውቅስ እከፍት ነበር? አልምልም» አለችኝ። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን አልምልም።

በጎርፉ ማግስት ለለቅሶ ከአዲስ አበባ የመጡት ዘመዶቻችን ደግሞ ጥያቄያቸው ሌላ ነበር፦ «ወንዝ ዳር መኖር ምን የሚሉት ነው?» ደቻቱን በበጋ ያየ ሰው ይህን ለመመለስ ይቸገራል። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ነው። ከከዚራ ሰፈር ወደ መጋላ ሰፈር የሚያሻግር መንገድ ነው፤ ገበያ ነው፤ የኳስ ሜዳ ነው። ጎርፉን የሚያመጣው ደግሞ በደንገጎ በኩል ያለው ደጋ ላይ የጣለ ዝናብ ነው። ደጋው የተራቆተ ነው፣ ቁልቁለቱም ቀጥ ያለ ነው፤ ውሃው ተሰብስቦ ሲወርድ ከተማው ተኝቷል። ዝናብ ሳያይ የተኛን ሰው «ለምን አልሸሸህም?» ማለት ከምን እንደሚሸሽ ሳይነግሩት መውቀስ ነው።

ሳያጣሩ መፍረድ የድሬ ብቻ አመል አይደለም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 አውሮፕላን ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰው ሲያልቅ፣ ምርመራው ሳይጀመር የአብራሪዎቹን ብቃት የመዘኑ ስንት ነበሩ! በኋላ የአንድ ጠቋሚ የተሳሳተ መረጃ የሚነዳው ሶፍትዌር የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ይደፋ እንደነበር ታወቀ። እነሱ አየር ላይ የቆዩት ስድስት ደቂቃ ነው። እኛ በሻይ ቤት ወራት ወስደን ተከራከርንበት።

ከሁሉ ይልቅ የማልረሳው ግን ኒው ዮርክ ሃድሰን ወንዝ ላይ ያረፈው አውሮፕላን ነገር ነው። ጥር 7 ቀን 2001 ዓ.ም ወፎች ሁለቱንም ሞተሮች አበላሹበት፤ ካፒቴኑ ወንዙ ላይ አሳረፈው፤ 155ቱም ተረፉ። እንዲያም ሆኖ «ወደ አየር ማረፊያው መመለስ ይችል ነበር ወይ?» የሚለው መመርመር ነበረበትና በማስመሰያ ማሽን ተሞከረ። ሞተሩ እንደቆመ ወዲያው ከዞሩት አብራሪዎች አንዳንዶቹ ሊደርሱ ቻሉ። ከዚያ መርማሪዎቹ 35 ሰከንድ ጨመሩበት፦ ሰው ምን እንደደረሰበት አይቶ፣ ገብቶት፣ እስኪወስን የሚፈጅበትን ጊዜ። ያኔ ተከሰከሰ። ለእኛ ጎረቤት እነዚህን 35 ሰከንዶች የቆጠረላት አልነበረም።

«ታዲያ ማንም አይጠየቅ ልትል ነው?» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። አይደለም። ከዚያ በፊትም ደቻቱ ከተማ ገብቶ ያውቃል። ከ1998 በኋላ በዳርና በዳሩ ግንብ ተሠርቷል፤ ግንብ መሥራት ከተቻለ ቀድሞም ይቻል ነበር። ደጋው ሲራቆት፣ ቤት ወደ ወንዙ ሲጠጋ፣ ከላይ ያየ ሰው ለታች የሚያሳውቅበት መንገድ ሳይዘረጋ ሲቀር ያለፈው ጊዜ የሚቆጠረው በዓመት ነው። ይህን ሁሉ ዓመት በወንበር ላይ ሆኖ ያሳለፈውን ሰው ጠይቁልኝ፤ እኔም አብሬ እጠይቃለሁ። እኛ ግን ዓመታት የነበሩትን ትተን ሰከንድ የነበራትን ያዝን።

ሴትዮዋ ካረፈች ቆይታለች። ሱቁ አሁን የሞባይል ዕቃ መሸጫ ነው፤ አሁን የሚሸጡበት ልጆች ቀለም ቀብተውታል፣ መደርደሪያውንም ቀይረውታል። ባለፈው ቻርጀር ልገዛ ጎራ ስል በሩን አየሁት። ያው የድሮው ብረት ነው፤ ዛሬም ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው። ነገርኳቸው። «አብሽር፣ ጎርፍ እዚህ አይደርስም» አሉኝ።